የቆጣሪው ዕድሜ

ሩስታቪ ገበያ፣ መኪና እንደ ከብት
ተሰልፎ ሲሸጥ፣ በጭቃ፣ በአስፋልት፣
ዛዛ የሚሉት ሰው፣ ወርቅ ጥርስ የተከለ፣
ጣሪያዋን ቸብ ቸብ፣ «እመኚኝ» እያለ፤
«አንዲት ሐኪም ናት የነዳቻት፣ ጀርመን አገር፤
ከቤት እስከ ክሊኒክ፣ ከዚያ ወዲያ የማትሻገር።»
ቆጣሪውን አየሁ፤ ሦስት መቶ ሺህ ሊሞላ
ሁለት ሺህ ይቀራል። «በዛ» አልኩ። ደላላ
ምን ጊዜ ደንግጦ! «ይሄ ለሷ ዕድሜ አይደለም፤
የናፍጣ ሞተር ደክሞ አያውቅም በዓለም።»
ስድስት ሺህ ላሪ። የሦስት ዓመት ማር፣
ከራጫ ተራራ፣ በባልዲ፣ በአውቶቡስ፣ በእግር።

ኑግዛር ሰላም አይልም፤ ሰው ቢመጣ ሰው ቢሄድ፣
ኮፈን ሳይከፈት ቃል ካፉ አይወለድ።
የዘይቷን ዘንግ መዞ፣ በሁለት ጣቱ አሽቶ፣
አሸተተው፤ ዝም አለ፤ ደግሞ አየው ወደ ብርሃን ወጥቶ።
«አዲስ ነው» አለኝ፤ «ያ ነው ያልጣመኝ፤
ለገበያ የታጠበ ፊት መቼ አሳመነኝ?»
የራዲያተሩ ውሃ ዝገት፣ ልክ እንደ ሻይ፤
በክሪክ አነሣት፣ ሆዷ እስኪታይ፤
ጎማውን ወዘወዘ፣ ኩሽኔታው አጉረመረመ፤
ማርሚታዋን መታ፣ ዝገት እንደ በረዶ ዘነመ፤
ፍሪሲዮኑ ደህና፤ ካምቢዮው ግን ያማል፤
ሦስተኛ ማርሽ ላይ ጥርሱን ይነክሳል።
እኔ በማር ብልቃጥ መለያ ጀርባ ስጽፍ፣ ስደምር፣
እስክሪብቶዬ ቆመ፤ ልቤ ግን አልቆመም ከመቁጠር።

ከዚያ ባትሪ ይዞ፣ ከቺንጋው ሽፋን አጠገብ
ጎንበስ ብሎ ቆየ፣ ከንፈሩ ብቻ ሲያነብ።
እጁን በጨርቅ ጠርጎ «ላማራ፣ ነይ» አለኝ፤
በቅባት የተሸፈነ ቁራጭ ወረቀት አሳየኝ።
ጽሑፉ ጀርመንኛ ነው፣ አንዱም አይገባኝም፤
ቁጥር ግን ቁጥር ነው፣ አስተርጓሚ አይሻም።
ቺንጋው የተቀየረው
በአራት መቶ ሠላሳ አንድ ሺህ።
«ከዚያ ወዲህስ?» አልኩት።
«ማን ያውቃል። ቆጣሪውን ወደ ኋላ መልሰውታል።»

ሳቄ መጣ። ኑግዛር ያበድኩ መሰለው።
ምን ልበለው?
ባለፈው መስከረም፣ ለእህቴ ልጅ ሠርግ፣ ጠጉሬን ቀለም ነክሬ፣
ለአንድ የኩታይሲ ሰው ከዕድሜዬ ስምንት ዓመት ቀንሼ ነግሬ፣
ሲጨፍር ያደረ ጉልበቴ ነው ጠዋት ያጋለጠኝ፤
ደረጃው ላይ፣ ሰውየው ፊት፣ ጓ! ብሎ የከዳኝ።

ዛዛ ስልኩን አጥፍቷል። ብደውል፣ ብደውል።
ኑግዛር የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ ተክሎ
እጄታውን ጆሮው ውስጥ ሊከተው ምንም አልቀረው፤
ዓይኑን ጨፍኖ፣ ረጅም አደመጠ።
«ልቧ ጤነኛ ነው» አለ። «ዋሹላት እንጂ
እሷ አልዋሸችም።
ቺንጋው ዛሬ ይውጣ፤ ከተበጠሰ ሞተሩ ራሱን ይበላል።
ነገ ፍሬኑን። ኩሽኔታውን ገንዘብ ስታገኚ፣ ግን ከበረዶው በፊት።
ዘይቷን በየሳምንቱ እዪ፤ ትጠጣ ይሆናል፣ አትፍረጂባት።
ማርሚታው ይጩህ። ጩኸት ገድሎ አያውቅም።»

ሦስት ቀን ጠበቅኩ። አሮጌውን ቺንጋ በላስቲክ ሰጠኝ፤
እንደ ቅርጫት ጠርዝ ተሰነጣጥቋል፣
በጥፍሬ ብነካው ተላጠ።
ወንበሯ ላይ ተቀምጬ ፕላስተር ቆረጥኩ፤
«አራት መቶ ሠላሳ አንድ ሺህ፣ እና ከዚያ በላይ»
ብዬ ጽፌ በቆጣሪው ዓይን ላይ ለጠፍኩት።
ከዚህ በኋላ እኔና እሷ በዚህ ነው የምንተዋወቀው።

ራዲዮውን ዘጋሁ፣ ድምፅ እንዳያመልጠኝ።
ከኦኒ በታች ያለው ዳገት ላይ ዝናብ ጀመረ፤
ሦስተኛው ማርሽ ጥርሱን ነከሰ፤
እኔም ነከስኩ፤
አለፍነው።