እሺ

እኔ ሬዲዮ ክፍል ነኝ፤ ሥራዬ መስማት ነው፣
ጆሮዬን ለጣና በወር ያከራየሁ ሰው።
ከጎርጎራ ቢጠሩኝ፣ ከደቅ ቢያዋዩኝ፣
የቁንዝላ ሰዎች ማዕበል ቢያወሩኝ፣
የሰማሁትን ቃል መልሼ እላለሁ፣
«ደረሰኝ» ከማለት በፊት እደግማለሁ።
አየር ላይ ያለ ቃል ቶሎ ይበተናል፤
ያልተደገመ ወሬ ውኃ ውስጥ ይቀራል።

ከደረጃው በላይ ግን ሌላ ሕግ አለ፤
እዚያ «እሺ» ያለ ሁሉ እሺ አላለ።
አንዱ «እሺ» ሰማሁ ነው፣ አንዱ ውጣልኝ ነው፣
አንዱ ደግሞ እንቢታ፣ ካባ የደረበው።
«እሺ፣ እናያለን» የተባለ ጉዳይ
ከመሳቢያ ወጥቶ ዳግም ፀሐይ አያይ።
«እሺ ይበልጣል ከሺ» ብለው የተረቱ
የቱ እሺ እንደሆነ ለይተው አልፈቱ።

ሰኔ ነበር፣ ሰኞ። መካኒኩ እንየው፣
እስከ ክርኑ ድረስ ግራሶ ያጠቆረው፣
ቆቡን በእጁ ይዞ ገባ ቀስ ብሎ፣
ምንጣፉን እንዳይረግጥ በዳር በዳር ብሎ።
እኔም ቆሜ ነበር ከመደርደሪያው ጎን፣
ላስፈርም ይዤ የነዳጅ ደረሰኙን።
ጋሽ ቢያድግልኝ ስልክ ላይ፤ ከክልል ነው መሰል፣
«አዎ፣ አዎ» ይላሉ፣ ዓይናቸው ከፋይል።

«ጌታዬ፣ እንደምን አደሩ? ልጆች ደኅና?
ያቺ ጀልባ እንኳ... ምንም አይደል፣ ደኅና ናት።
ትንሽ፣ እንዲያው ትንሽ፣ ጉሮሮዋን ይላታል እንጂ።
ምናልባት ጊዜ ካለዎት፣ ካመቸም...
መቼም እርስዎ ያውቃሉ።»

(ትርጉሙ፦ ፓምፑ ተሰንጥቋል።)

«እሺ» አሉ፣ የስልኩን አፍ በመዳፋቸው ከድነው።
«እሺ» አለ፣ እጅ ነስቶ።
ሁለት እሺ፣ እንደ ሁለት የደንገል ታንኳ፣
በጨለማ ሳይተያዩ፣ ሳይነካኩ እንኳ፣
ተላለፉ።

እሱ ወጣ፣ «ነገርኳቸው» ብሎ።
እሳቸው ቀሩ፣ «ደኅና ናት አለኝ» ብለው።
እኔ፣ ሁለቱንም የሰማሁ፣ ሁለቱም የገባኝ፣
ደረሰኜን አስፈርሜ ወጣሁ። ማን ጠየቀኝ?

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሬዲዮው ተንጫጫ።
«ወደብ፣ ወደብ። ሞተር ቆሟል።
ከደቅ በስተ ደቡብ። ንፋስ ከምዕራብ።
ሠላሳ ሰባት ሰው። ውኃ አልገባም። ልድገም?»
የካፒቴን ውባንተ ድምፅ።
«ጌታዬ» የለ፣ «ምናልባት» የለ።
እጄ እየተንቀጠቀጠ መለስኩለት፣ ቃል በቃል፤
እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንዲህ ያለ ያማረ ዓረፍተ ነገር
በዚያ ቢሮ ሰምቼ አላውቅም።

ማታ ሁሉም ገባ፣ በሌላ ጀልባ ተጎትቶ።
አንድ መምህር ብቻ፣ የፈተና ወረቀቱ ርሶበት፣
በወደቡ መብራት ሥር
አንድ በአንድ ያሰጣ ነበር።

ስብሰባ ተጠራ። «ነግሬዎት ነበር።»
«አልነገርከኝም።»
ሁለቱም አልዋሹም፤ ዳኛ ቢቀመጥ፣
መጽሐፍ ቢመቱም፣ ምንም አይለወጥ።
ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ነበርሽ፤ ምን ሰማሽ?»
«እሺ ሲባባሉ» አልኩ። ቤቱ ሳቀ።
እኔ አልሳቅሁም።

አሠልጣኝ መጣልን ከአዲስ አበባ፣ ለሁለት ቀን፤
ስለ «ተግባቦት» ጻፍን፣ ሻይ በብስኩት ጠጣን፣
የምስክር ወረቀት ግድግዳ ላይ ሰቀልን።
እሺም እንደ በፊቱ
ከደረጃ ደረጃ ሲሮጥ ከረመ።

ነሐሴ መግቢያ ላይ ግን፣ አንድ ጠዋት፣
እንየው ገባ፣ ቆቡን ሳያወልቅ፣ ምንጣፉን ረግጦ።
«የቀኙ ሞተር ፓምፕ ተሰንጥቋል። ዛሬ መውጣት የለባትም።»
ጋሽ ቢያድግልኝ እንደ ጥፊ ሰሙት።
ስልኩን ሳይዘጉት ጠረጴዛው ላይ አስተኙት፣
«ፓምፑ... ተሰንጥቋል» አሉ፣ ቀስ ብለው፣
እንደ ፊደል ቆጣሪ። «ዛሬ አትወጣም።»
«አዎ።»
ከስልኩ ውስጥ የሩቅ ድምፅ «ሃሎ? ሃሎ?» ይላል።

እንየው በሩ ጋ ደርሶ ተመለሰ፣
አንድ ነገር የጣለ ሰው መስሎ ኪሱን ዳሰሰ፤
«ይቅርታ ጌታዬ፣ ረስቼው ነው...
እንደምን አደሩ?»