የጠፋ ዕቃ መዝገብ

በካምፐን ጥግ ኤይሰል ያልፋል፣
ጎረቤት የተኛ ይመስል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።
ስሜም በእነሱ ፊደል ሲጻፍ
ከወንዙ ስም እኩል ይነሣል፤
መምህሩ መዝገቡን ገልጦ «ኤይ…» ይላል፣
«ኤይ…» ብሎ ድልድይ እንዳጣ መንገደኛ ዳር ላይ ይቆማል።

እጅጋየሁ ነው፣ አልኩ። እጅግ። አየሁ።
በሦስተኛው ሳምንት እኔው ደከምኩና
«ኤይ ይበቃል» አልኩ፤
በገዛ አፌ ስሜን ከወገቡ ቆረጥኩ።

እስከ ዐቢይ ጾም ግን አላወቅሁም።
በቅድስት ሳምንት፣ ምሳ ላይ፣
ቲርዛ ሳቋን እየዋጠች
«ኤይ ማለት እኮ እንቁላል ነው» አለች።
ፊቴ ቅቤ ያልነካው ድንች ቀርቧል።
ከጥሉላት ሸሽቼ፣ ከገበታው ሁሉ፣
ለካስ እኔው ነበርኩ እንቁላሉ።

ከሁለት መቶ ዐሥር ተማሪ
ጠይሞቹ ሁለት ነን፤ እኔና የሱሪናሙ ሩበን።
«እህትህን ጉንፋኑ ተሻላት?» ይሉታል።
እህት የለውም። «ተሽሏታል» ይላል።
ለኮሌጁ መጽሔት ፎቶ ሲነሣ
ጥቅምት ላይ ከፊት አቆሙኝ፣ ኅዳር ላይ ከመሐል፤
ታትሞ ሲመጣ ገጽ በገጽ አለሁ፣
ብቻዬን ከርሜ ብዙ ሆኛለሁ።

የዶክተር ቬልድካምፕ ሚስት ለሻይ ጠሩኝ።
«ወንጌልን ማን አደረሰላችሁ?» አሉኝ፤
በቅን ልብ ነው፣ እጃቸው ትከሻዬ ላይ ነው።
ከሻዩ ጋር የምትሰጠው ብስኩት አንዲት ናት፤
ሺህ ስድስት መቶ ዓመት
በአንዲት ብስኩት አይዘለቅምና
«ቆየት ብሏል» ብዬ ሻዬን ጠጣሁ።

ሐሙስ ዕለት ግን፣ የጸሎት ቤቱ ደፍ ላይ፣
እግሬ እኔን ሳያማክር ጫማውን አወለቀ።
ድንጋዩ በረዶ ነው። የግራው ካልሲ ተቀዶ
አውራ ጣቴ ብቅ ብሎ ያያል፣
ከተማ እንደገባ ባላገር።
የዕለቱ ስብከት ስለ ጠፋችው በግ ነበር፤
ዘጠና ዘጠኙ ዞረው እግሬን አዩና
በጨዋ ደንብ ወደ መዝሙራቸው ተመለሱ።

ስወጣ ጫማዬ የለም።
በካልሲ፣ በዝናብ፣ እስከ ቁልፍ ያዡ ክፍል።
ሃርመን መነጽሩን አድርጎ መዝገቡን ገለጠ፦
«ጥቁር ጫማ፣ አንድ ጥንድ፣ ባለቤቱ ያልታወቀ።
የት ጠፋብሽ?»
አልጠፋብኝም። አውልቄው ነው።
«ለምን?»
ለሙሴ የተባለውን ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤
ቋንቋዬ ግን «ቁጥቋጦ» ከሚለው ቃል ገና አልደረሰም።
«እሳት ነበረ» አልኩት።
ሃርመን ብድግ አለ፤ ዓይኑ ማጥፊያውን ፈለገ።
«ኧረ፣ የድሮ እሳት ነው» ብዬ አስቀመጥኩት።

ፈርሚ፣ አለኝ።
በገዛ ፊደሌ፣ ምንም ሳልቆርጥ፣
ከጫፍ እስከ ጫፍ ጻፍኩት።
በጣቱ ተከተለውና «ምን ይላል?»
እጅግ አየሁ።
ሠላሳ አንድ ዓመት በር ሲከፍት ሲዘጋ የኖረ ሰው ነው፤
መዝገቡን ቀስ ብሎ አጠፈና
«እኔም» አለ።

በሳምንቱ ደፉ አጠገብ ጋዜጣ ተነጥፏል።
ለእኔ ይሁን፣ ውኃ ለሚያንጠባጥቡት ጃንጥላዎች፣
አልጠየቅሁም።
ጫማዬን ከዳር በኩል አኖርኩ፣
ለጃንጥላም ቦታ ትቼ።