የእግር ልክ

ዓርብ ሲመሽ ጭኜ ከመንደር እነሣለሁ፣
ፕሩትን ተሻግሬ እሁድ ፓዶቫ እደርሳለሁ።
ሚኒባሷ አሮጌ፣ ሚዛኔ ዝገታም፣
ዋጋው በኪሎ ነው፤ ለማንም አላዳላም።
ወደዚያ ስሄድ አይብ፣ የፕሪም ማርማላታ፣
አንዳንዴም አንዲት ዶሮ፣ የታረደች ማታ፤
ወደዚህ ስመለስ ፓስታ፣ ሳሙና፣ ዘይት፣
ያረጀ ስልክ፣ ጃኬት፣ የደም ግፊት መድኃኒት።
ከሁሉ የቀለለ፣ ሚዛን ያልቆጠረው፣
አንድ ቅጠል ወረቀት ነው ልቤን ያስቸገረው።

ሉሚኒጻ ስትሄድ ሳንዱ ስድስት ዓመቱ፣
ዚኖቪያ ጋ ቀረ፣ ከክርስትና እናቱ።
እሷ ፓዶቫ ላይ የአንዲት ባልቴት ገላ አጣቢ፣ ሌሊት ጠባቂ፣
ለገዛ ልጇ ግን በስልክ መስታወት ሳቂ።
«ጫማ ልገዛለት ቁጥሩን ከየት ላምጣ?
ወረቀት ላይ አቁሙት፤ እርሳስ ዙሩበት፣ ይምጣ።»
ዚኖቪያም ወለል ላይ ተንበርክካ አቆመችው፣
እየተኮረኮረ ሲስቅ፣ ቁርጭምጭሚቱን ይዛ አሰመረችው፤
ከትልቁ ጣት ጎን፣ እርሳሱ ያመለጠበት፣
ትንሽ ቀንድ ነበረች፣ ሳቁ የቀረበት።
ከስታዲየሙ ኋላ፣ እኛ በምንቆምበት፣
እናቱ ገለጠችው፤ አንድ ጣቷን አዞረችበት፤
እኔም ገመድ ለመፍታት ሰበብ አገኘሁበት።

በዓመት ሁለት ወረቀት፣ ለበረዶ፣ ለበጋ፤
እግሩ ድንበር ሲያልፍ በኔ ኪስ፣ ከፓስፖርቴ ጋ።
ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ አራት ሆነ፣
ቁጥሩ በሰፋ መጠን ሳቁ እየመነመነ።
ቀንዷም ጠፋች፤ መስመሩ ተስተካከለ፣
በአሥራ ሦስት ዓመቱ እግሩን ራሱ ሳለ።

ዚኖቪያን «እማ» አላት። የወለደችውን ሴት
በከተማዋ ጠራት፤ ሌላ ስም አላወጣላት፦
«እማ፣ ፓዶቫ ደወለች።» «እማ፣ ፓዶቫ ገንዘብ ላከች።»
«ፓዶቫ ለፋሲካም አትመጣ፤ ባልቴቷ ወደቀች።»
ሁለቱ አበልጆች፣ አንድ ሻማ ያበሩ፣
በደረሰኝ ቋንቋ በኔ በኩል አወሩ፦
«መቶው ደርሷል። ለጥርሱ አርባ። ለማገዶ ሃያ።»
ከግርጌው አንድ መስመር ነበረ፣ ተሰርዟል።
አላነበብኩም።
አንብቤያለሁ። «ልጁ ሌሊት ያወራል።»

ባለፈው ዓርብ ታዲያ ወረቀት ስጠብቅ፣
እግሩ ራሱ መጣ፣ ሻንጣ አንግቶ፣ ሳይስቅ።
«ቱሪን ነው የምወርደው፣ የግድግዳ ልስን ሥራ።»
«ና ተመዘን» አልኩት ለቀልድ፤ ወጣበት ሳያወራ።
ስልሳ አራት ኪሎ። ባስከፍለው ዘጠና ስድስት ዩሮ።
በብብቱ ዳቦ፣ ዚኖቪያ የጠቀለለችው ዶሮ።
እሷ መጥረጊያ ይዛ ደጁ ላይ ቆመች፣
የሄደ ሰው ዱካ አይጠረግም ብላ እንደያዘችው ቀረች።

እሁድ።
ሉሚኒጻ ቆማለች፣ ከረጢት በእጇ።
አርባ ሦስት ቁጥር ነው፣ በአምናው መስመር የተገዛ ለልጇ።
«ጤና ይስጥልኝ» አላት፤ «እንደምን ሰነበቱ?»
በአንቱታ ነው ያላት፣ ለወለደች እናቱ።
እሷ ግን ፊቱን ሳታይ ወደ መሬት አየች፣
ከእግሩ ጀምራ ወደ ላይ፣ ልጇን ቀስ ብላ ለየች።

ከኪሱ ወረቀት አወጣ። እግር ነው፣ ሰፊ፣ አጭር፣
ትንሿ ጣት የተጣመመች፣ እንደ አሮጌ ሥር።
«የማን ነው?» «የእማ» አለና ቃሉን አፉ ላይ ሰበረ፣
«የዚኖቪያ» ብሎ አረመ። ጆሮው ቀልቶ ነበረ።
«በመጀመሪያ ደሞዜ ለበረዶ ቦት ልገዛላት፤
ሱቁን እርስዎ ያውቁ ይሆናል።» ወረቀቱን ተቀበለች። ብርሃን ሰጠቻት።
ከተጣመመችው ጣት ጎን፣ እርሳሱ ያመለጠባት፣
ትንሽ ቀንድ ነበረች።
አበልጇ ስቃለች። ገባት።

«ሱቁ ዛሬ ዝግ ነው» አለች። እውነቷን ነው።
የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። አዲሱን ሞከረው።
«ልክ ነው» አለ። እሷ በአውራ ጣቷ የጫማውን አፍንጫ ጫነች፤
ጠቦታል። ታውቃለች።
እጇን ግን ከዚያ አላነሣች።

ቱሪን አራት ሰዓት ይቀራል። ሞተሩን አላስነሣሁም።
ገመድ ልፍታ ብዬ ወረድኩ፤
የሚፈታ ገመድ ግን አላገኘሁም።