አረንጓዴዋ መብራት

ቦራ የሚሉት ነፋስ፣ የትሪየስቴ ጌታ፣
ሲነሣ አይጠይቅም፣ ቀን ይሁን ማታ፤
ባርኔጣ ይቀማል፣ ሞተር ሳይክል ይጥላል፣
በተዘጋ መስኮት ስንጥቅ አይቶ ይገባል።

በዚያ ቀን ነው እንግዲህ፣ በሩን በትከሻ ገፍታ፣
ላፕቶፗን በሹራብ ጠቅልላ፣ የደረቷን ሙቀት ሰጥታ፣
ሲኞራ ኔሪና የገባች፤ ሰማንያ አንድ ነው ዓመቷ፣
የወደብ ቢሮ ጡረተኛ፣ ቀጥ ያለ ነው አንገቷ።

«ታሞብኛል» አለችኝ፤ «ይተኛል፣ ያቃስታል፣
ሳልጠራው ሥዕል ያመጣል፣ ሎተሪ ደረሰሽ ይላል።»

ከፈትኩት።
ምን የሌለ አለ! በነፃ ሙዚቃ ስም የገባ፣
የባንክ ደብዳቤ መስሎ፣ በፊት በር የመጣ ሌባ፣
ገና ስትጽፍ ጠልፎ ወደ ጫማ ገበያ የሚነዳ፣
አንዱም ሥራ ፈት፣ ዝም ብሎ የሚበላ እንግዳ።
ሠላሳ ሰባት ቆጠርኩ። አንድ ባንድ ነቀልኳቸው።
አራት ዓመት የተጠራቀሙ ዝመናዎች፣ ሁሉንም ጫንኳቸው።

እሷ ካጠገቤ ቆማ፣ ቦርሳዋን ይዛ፦
«ያመዋል?»
«አያመውም፣ ሲኞራ።»

ከዚያ ከሥር፣ ከሁሉም ሥር፣ ስም የሌለው አቃፊ ውስጥ፣
አንድ ሰላይ አገኘሁ፤ የማይሰርቅ፣ የማያናውጥ፤
ከሩቅ ሲጠሩት ብቻ ካሜራውን የሚከፍት፣
ወንበሯን፣ ምድጃዋን፣ ፊቷን የሚልክ ወደ ሌላ ቤት።
ተቀባዩ ኡዲኔ ነው። ስሙንም አልደበቀ፤
ዳሪዮ፤ በነሱ ሆሄ አምስት ፊደል፣ አለቀ።

እጄ ቆመ። የተማርኩት ቫይረስ መግደል ነው፤
መርዶ መንገር የት ይማሩታል? ማንስ ነው የሚያስተምረው?
«ሲኞራ» አልኩ፣ «አንድ ሰው... ሲያይዎት ኖሯል።»

ሳቀች።

«ልጄ ነው። አባቱ የሞተ ጊዜ፣ ወድቄ እንዳልቀር ፈርቶ፣
የገና ዕለት፣ ድስት ሳማስል፣ በድብቅ አስገብቶት።
ያልገባኝ መስሎታል! ሠላሳ ዓመት ጭነት ስቆጣጠር
ያመለጠኝ ኮንትሮባንድ አልነበረም በዚህ ባሕር።
አረንጓዴ መብራት አለች፣ ከስክሪኑ ግንባር ላይ፤
ማታ ሦስት ሰዓት ስትበራ፣ ፀጉሬን አበጥሬ ነው የምታይ።
ወደሷ ዞሬ እበላለሁ፣ ሾርባው ጨው በዛው እላለሁ፤
ሳል ሲይዘኝ ጓዳ ገብቼ፣ እንዳይሰጋ፣ ስዬ እወጣለሁ።
ከመስከረም ወዲህ ግን አልበራችም።
በጨርቅ ወለወልኳት። አልበራችም።
ሌላውን ጠርገህ ስትጨርስ
እሷን ጠግንልኝ፤ የቀረው ይፍረስ።»

ለካ ለሠላሳ ሰባቱ አልነበረም የመጣችው።

ሰላዩን መረመርኩት። ጤነኛ ነው፤ ምንም አልጎደለው።
በሩ አልተበላሸም፤ የሚያንኳኳ ነው የሌለው።
መዝገቡን ልሰውር ብል፣ መነጽሯን አድርጋ ቀደመችኝ፤
እንደ ጭነት ዝርዝር፣ በጣቷ እየወረደች፣ አነበበችልኝ፦
አንድ ሰዓት። አርባ ደቂቃ። አሥር። ሁለት።
መጨረሻው አርባ ሰከንድ፤ መስከረም አራት።

ነፋሱ የሱቁን ምልክት ይደበድባል።
«አውጣው» አለች። «ቦታ ይይዛል።»

አወጣሁት። ካሜራውን ዘጋሁ፣ በሩን ሁሉ ቆለፍኩ።
እንደ ደንቡም፣ እንደ ልማዴም፣ ምክሬን ለገስኩ፦
«የማያውቁት ደብዳቤ አይክፈቱ። ሎተሪ ቢደርስዎ አይመኑ።
የይለፍ ቃሉም አዲስ ይሁን፤ ብቻ የሚገመት እንዳይሆን፤
የልደት ቀን፣ የውሻ ስም፣ የልጅ ስም አይሁን፤
ሌባ ቀድሞ የሚሞክረው ያንን ነው።»
«ገባኝ» አለች። ወንበሩን ሳበች።

ፊቴን ወደ ጎዳናው አዞርኩ፤ ሙያው እንዲያ ያዛል።
ማዶ አንድ ሰው የተገለበጠ ጃንጥላ ያሳድዳል።
ከኋላዬ የቁልፍ ድምፅ፤ ጠቅ፣ ጠቅ፤
ቆም አለች፤
ጠቅ፣ ጠቅ፣
ጠቅ።

«አጭር ነው፤ ቁጥር ይጨምሩበት» ማለት ነበረብኝ።
ጃንጥላው ጥግ ዞሮ እስኪጠፋ ጠበቅሁ። ዝም አልኩኝ።