የሞቀ ኮፈን

ከካውናስ ፓኔቬዢስ መቶ አስር ኪሎ ሜትር፤
ወንድሜ ጊንታውታስ ነድቶ ወሰደኝ፣ በረዶው ሲጋገር።
«ስንተኛህ ናት ይቺ?» አለኝ አንዴ፣ ዓይኑን ከመንገድ ሳይነቅል፤
«አራተኛ» አልኩት። አምስተኛ ነበረች፤ ማን ይቆጥራል ሲከጅል።

ማስታወቂያው አጭር ነው፦ «ቢኤምደብልዩ፣ አምስት ሃያ ስምንት፣
ዘጠና ስምንት ስሪት፣ የሟች ባሌ ንብረት፤
ነጋዴ አይደውል።» ፎቶው አንድ፣
ግማሹ ጨለማ፣ ሩቡ አውራ ጣት፣
በቀረው ሩብ ግን ብቅ ብለዋል፣ እነዚያ ሁለት ኩላሊት።

ይሄን ሞዴል እንደ ዳዊት ደግሜዋለሁ፤
የቱ ቱቦ በስንት ዓመቱ እንደሚፈነዳ፣
የቱ ፕላስቲክ ተሰንጥቆ እንደሚያወርስ ዕዳ፤
የሚስቴን ልደት ብትጠይቁኝ ግን፣ እኔ ባዳ።

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው
ብረት አይደለም የሚመረምረው፤
የማያውቀውን ሰው ጠባይ ነው፦
ዘይቱን በሰዓቱ ይለውጥ እንደነበረ፣
ወይስ ገና ሳትሞቅ ረግጦ እንደበረረ፣
አንድ ነገር ሲንኳኳ ጋራዥ ወሰዳት፣ ወይስ
ሬዲዮውን ጨምሮ ኖረ።

ጌኖቫይቴ ይባላሉ። የወንድ ካፖርት ደርበው፣
የጋራዡን የብረት በር በትከሻ ገፋ አድርገው፣
«ግባ» አሉኝ፤ ሌላ ቃል የለም።
ቆማለች። አረንጓዴ፣ እንደ ጥድ ሲመሽ፣ ጥቁር ለመሆን ጥቂት የቀራት።
እኔ ግን ሳልዞራት፣ ሳላደንቃት፣
ጓንቴን አውልቄ መዳፌን ኮፈኗ ላይ አሳረፍኩባት።

ሞቃለች።

የዚህ ነገር ሕጉ አንድ ነው፣ ልጅም ያውቀዋል፦
ሻጭ ገዢ ሳይመጣ ሞተር ካሞቀ፣ አንድ ነገር ደብቋል፤
በብርድ ሲነሳ የሚያስል ሁሉ፣ ሲሞቅ ቅዱስ ይመስላል።
«አስነስተዋታል» አልኩ፣ እንደ መርማሪ።
«አዎ።»
«እንግዲያው ሦስት መቶ ዩሮ ይቀነሳል።»
ባቡር እንዳመለጠው ሰው ቆዩና «ይሁን» አሉ።
(ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ፤ ሌባ ይከራከራል።)

በጀርባዬ ተንጋልዬ የክሪክ ማረፊያውን ዳሰስኩ፣
ዝገቱን በካቻቪቴ ወጋሁት፤ አልበሳም፤ ተነፈስኩ።
የዘይት ክዳኗ ንጹሕ። ካምቢዮዋ ቅቤ።
ሳልቫትዮው ሥር ነጭ መስመር አለ፣ የደረቀ፣ እንደ ጨው፤
አየሁት። አለፍኩት።
የወደደ ዓይን የሚያየውን መርጦ ነው።

ብሩ ተቆጠረ። ሊብሬውን ፍለጋ መሳቢያውን ስከፍት
አንድ ደብተር ወደቀ፣ ጥጋጥጉ የተበላ።
በእርሳስ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፦ ቤንዚን፣ ካንዴላ፣ የፍሬን ሸራ፣
የሃያ ዓመት ሒሳብ፣ ያለ አንድ ስርዝ።
መጨረሻው ላይ ግን ሌላ እጅ፣ ሰማያዊ ቢክ፣
ቀንና ደቂቃ ብቻ፦ ሰባት ደቂቃ። ሰባት። ስምንት። ሰባት።
ዛሬ፦ አስራ አንድ።

«መንዳት አልችልም» አሉ ጌኖቫይቴ።
«አልጊማንታስ ሆስፒታል ሆኖ ‹ባትሪዋ እንዳይሞት› ብሎኝ ነበር።
በየጠዋቱ አስነስቼ ካጠገቧ... ካጠገቡ እቀመጣለሁ።
ዛሬ መጨረሻዬ ነው ብዬ
አራት ደቂቃ ጨመርኩ።»

ሦስት መቶው ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ጡቴን ነካ ነካ ያደርገኛል።
ማውጣት ነበረብኝ። ጊንታውታስ ውጭ ክላክስ አደረገ፣
እኔም ያን ድምፅ እንደ ምክንያት ያዝኩት።
ይሄን የምጽፈው እንዲያምርልኝ አይደለም፤ አልመለስኩም።

ኬዳይኒያይ ሳንደርስ የሙቀቷ መርፌ ቀና አለች፣
ከኮፈኗ ሥር እንፋሎት፣ ጣፋጭ፣ የታወቀ ሽታ።
የውሃ ፓምፕ፣ ሳልቫትዮ፣ ቴርሞስታት፦ ሦስት መቶ አርባ።
ወንድሜ ደረሰኙን አየና ሳቀ፦
«አርባው ወለዱ ነው።»

ዛሬ ጠዋት ከዜሮ በታች አስራ ሰባት።
ኮፈኗ እንደ መቃብር ድንጋይ። አስነሳኋት፤
ሳለች፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ስድስቱም ሲሊንደር በአንድ ቃል ተስማሙ።
እርሳስ ፈልጌ ከሰማያዊው መስመር ሥር ጻፍኩ፦
ሰባት ደቂቃ። የትም አልሄድኩም።