መለዋወጫ

ከለገጣፎ ወዲያ፣ ካባው ሥር፣ ቅዳሜ፣
ኢላማ ለጥፌ ስመለስ ደክሜ፣
ሻምበል ጎሹ ቁጭ ብሎ ይገጣጥማል፤
መሣሪያው በየዓመቱ አካል ይጨምራል።

ዓይኑ ሲደክምበት መነጽር ከዱባይ
አስመጥቶ ተከለ ከምላጩ በላይ፤
ትከሻው ሲቆስል የሲኖትራክ ጎማ
ቆርጦ ለሰደፉ አደረገው ጫማ፤
እጁ ሲንቀጠቀጥ ብየዳ ቤት ሄዶ
ሁለት እግር ሰጠው ብረት አስበይዶ።
ሐኪም አይደለሁም፣ ቀዳዳ ቆጥሬ አዳሪ፤
ጠመንጃው ግን ሆነኝ የሕመሙ ነጋሪ።

ዛሬ በደረቱ ተኝቶ አለመ፤ ትንፋሹን ዋጠ፤
ሳለ።
ጥይቷ ከካባው አቧራ አስነሥታ ቀረች።

ቀና ብሎ ሳቀ፤ መነጽሩን በሹራቡ እጅጌ አበሰ።
«ለሳንባስ» አለኝ፣ «ምን ይገጠማል?»

ወረቀቱ ነጭ እንደሆነ ነው።
ሙጫዬን ከደንኩ።