አንድ ጥርስ

ነጭ ጭሱን ከነጭ ጉም ጋር እያዋሐደ፣
አንድ ዶልፊን ከጣርማ በር ወረደ፤
ደብረ ሲና መግቢያ፣ ጋራዣችን ደጅ ላይ ቆመ።
«ከጫጫ ጀምሮ ይቺ ቢጫ መብራት አልጠፋም አለች» ብሎ አጉረመረመ
ወንድይፍራው፣ ሾፌሩ።
ጭሷንማ ለምዶታል፤
«ድሮም እንዲህ ናት» ይላል፣
«ስትወርድ እንጂ ስትወጣ አታውቅም፤
ሰባት ዓመት ነዳኋት፣ ጠባይዋ ነው፣ አልፈርድባትም።»

መብራቷ ቀጠሮ ናት፤ መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ሲሞላ፣
«ቺንጋዬን ቀይሩልኝ» ይላል ሞተር፣ ሳይጎብጥ ቫልቮላ።
የራዲያተሩን ውኃ አፈሰስኩ፤ ማራገቢያውን ፈታሁ፤
ክዳኑን ገልጬ፣ አጎንብሼ አየሁ፦
ከኮሎው ጥርስ፣ ከፖምፓው ጥርስ፣ ከላይኛውም ጥርስ ጎን
ሦስት ቀይ ነጥብ፣ ደርቆ የቆየ ደም የሚመስል።
የጥፍር ቀለም።

ጋሽ ሸዋንግዛው!

ሥራ የገባሁ ሰሞን ነው፣ ሱቅ የላከኝ፤
«የጥፍር ቀለም፣ ቀይ» ብሎ ሲያዘኝ፣
ባለሱቁ ሳቀ፣ ግራሶ የጠጣ ጥፍሬን እያየ።
ጋሽ ሸዋንግዛው ግን፣ ትንሿን ብሩሽ በሁለት ጣቱ እንደያዘ፣
«ጠመኔ በዘይት ይጠፋል፤ ይሄ ግን
ሴት ልጅ ካልፈቀደች አይለቅም» አለኝና
የብረቱን ጥርስ እንደ ዓይን ኳለው።

«ቺንጋ» ይለኝ ነበር፣ «የላይና የታች አስታራቂ ነው፤
ታች ያለው ሁለቴ ሲዞር፣ ላይ ያለው አንዴ ነው።
አንዱ ሲመጣ ሌላው ዞር ካላለ፣
በጠባቡ በር ይጋጫሉ፤ ያኔ ቴስታታውን መሬት ላይ ታገኚዋለሽ።»

አሁን ፋብሪካው ከብረቱ ላይ የወቀራት ጭረት አለች፤
ዘይቱን ጠርጌ ሳያት፣ ከቀዩ ነጥብ ጋር አልገጠመች።
ኮሎው ልክ ነው። ላይኛው ልክ ነው።
ፖምፓው ላይ ግን፣ አንድ ጥርስ፣
አንዲት ጥርስ ብቻ፣ ወደ ኋላ።
ባትሪ አበራሁ። ደግሜ ቆጠርኩ።
ያው ነው።

ያን ክረምት አስታወስኩ፦ የወደቀ ዳዶ ሲፈልግ በመዳፉ፣
ሲያጣውም «ጭጋጉ ነው» ሲል፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ በደጃፉ።
እኔ አላየሁም።
ወይ አይቼ ዝም አልኩ።
ሰባት ዓመት ሙሉ ዳገት ሲያቅታት፣ ስታጨስ፣
ጠባይዋ ነው የተባለው፣ የኛው እጅ ነበር፤ አንድ ጥርስ።

ወንድይፍራው ከጀርባዬ፦ «ምልክት አለልሽ አይደል? በዚያው አስገቢው፤
የሽማግሌው እጅ ነው፤ ዛሬ ማን አለ የሚመስለው!»
«ማንም» አልኩ።
ጨርቄን ቲነር አጠጣሁ፤ ቀዩን ነጥብ ያዝ አደረግሁት።
ሴት ልጅ ፈቀደች።
ለቀቀ።

አዲሱን ቺንጋ በጭረቷ ላይ አለበስኩ፤
ሞላው ራሱ ይወጥረው ብዬ ወጣሪውን ፈታ አደረግሁ፣ አጠበቅሁ።
ከዚያ በረጅሙ ቁልፍ፣ በእጄ፣ ኮሎውን አዞርኩ፤
አንዴ፣
ሁለቴ፣
ትንፋሼን ይዤ። «ከከበደሽ አትግፊ» ይል ነበር፣
«ብረት እምቢ ካለ ምክንያት አለው።»
አልከበደኝም። ሦስቱም ጭረት ተገናኙ።

የድሮዋ ጠርሙስ መሳቢያው ውስጥ ነበረች፤ ቀለሟ ረግቷል።
ጠብታ ቲነር አቀመስኳት፣ ነቀነቅኳት፣ ሦስት ነጥብ ኳልኩ።

እስከ ዋሻው ወጥቶ ሲመለስ ወንድይፍራው ዓይኑ ፈጧል፦
«ማርሽ ሳልቀንስ! ምን አደረግሻት?»
«ቺንጋ ቀየርኩ» አልኩት። ሒሳብ ከፈለ፤
የሸዋሮቢት ሰው ጭኖ ቁልቁል ሄደ።

አርማኒያ፣ ከመንገዱ ዳር፣ አንድ ሰው ከበሩ ላይ ይቀመጣል፤
ዓይኑ ከሄደ ወዲህ፣ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ በድምፁ ይለያል።
ይቺ ስታልፍ ዛሬ፣ ቀና ብሎ
«ማነው የነካት?» ይል ይሆን፣
ወይስ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ባለፈች ቁጥር፣
ያቺን አንድ ጥርስ ሲቆጥር ነበር?